የሚታማው እሳት፣ የሚረሳው አየር፦ ልብስ የማድረቅ ታሪክ ከዱቦ ደጅ እስከ ማሽኑ

የልብስ ማድረቂያ ማሽን አልሠራ ሲል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሂተሩ ነው። ባለቤቱ «ተቃጥሏል» ይላል፤ ጠጋኙም አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ተቀብሎ መለዋወጫ ፍለጋ ይሮጣል። ሰዎች ልብሳቸውን እንዴት ሲያደርቁ እንደኖሩ ወደ ኋላ ሄዶ ለሚመረምር ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ልብስን የሚያደርቀው ከሁሉ በፊት እርጥበቱን ተሸክሞ የሚሄድ አየር ነው፤ እሳት የዚህ አየር አጋዥ ነው። አጋዡን ከዋናው ያስቀደመ ሁሉ፣ በሣር ጎጆም ይሁን በፋብሪካ፣ የጨሰ ወይም ያረረ ልብስ ሲያወጣ ኖሯል። ለዚህ ሙግት ምስክር የማደርጋት ዱቦን ነው። ዱቦ በወላይታ ዞን፣ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ በአረካ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ፣ እንሰትና ቡና የከበባት ቦታ ናት፤ አገር የሚያውቃት በካቶሊክ ሚስዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ይሆናል። የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ የክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ በመካከሉ ያለው ፋታ አጭር ነው። ልብስ ማድረቅ ታሪክ የሚኖረው እንዲህ ባለ አገር ነው። በሰመራ የታጠበ ነጠላ ገና ተሰጥቶ ሳያልቅ ይደርቃል፤ ስለሱ ብዙ የሚጻፍ ነገር የለም።

ገመድና መቆንጠጫ ዛሬ በየግቢው ይታያሉ እንጂ በወላይታ ገጠር ልብስ ለረጅም ዘመን የተሰጣው በሣርና በአጥር ላይ ነው። የወላይታ ባህላዊ ቤት ከፊት ለፊቱ ለምለም ሣር የለበሰ ሰፊ ደጅ አለው፤ እንሰቱ በጓሮና በጎን ይቆማል። ወንዝ ወርዶ የታጠበው ልብስ ወደዚህ ደጅ ይመለሳል። ሳሙና ሳይስፋፋ በደጋውና በወይና ደጋው አገር እጥበቱ በእንዶድ ነበር። ወደ ማድረቁ ስንመለስ፣ ሣርና አጥር እኩል አይደሉም። ሣር ላይ የተዘረጋ ልብስ ከላይ ይደርቃል፣ ከሥሩ ግን የመሬቱን ወዝ ይጠጣል፤ ስለዚህ ቆሞ የሚገለብጠው ሰው ይፈልጋል። አጥር ላይ የተሰጣው ነፋሱ ከሥርም ከላይም ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፣ እሾህና ዝገት ባይኖር ሁሉም አጥርን በመረጠ ነበር። ገመድ ሁለቱንም ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፀሐዩ ለሦስቱም አንድ ነው፣ ገመድ የጨመረው አየር ብቻ ነው። የልብሱ ዓይነትም ያንኑ ያስተምራል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ቡሉኮ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል፤ ፀሐይ ወጥቶ ነፋስ ጸጥ ባለበት ቀን ላይኛው ድርብ ይሞቅና የውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይውላል። ሰማዩ ተሸፍኖ ነፋስ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ በሚያርገበግብበት ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ ይደርቃል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ክረምት ሲገባ፣ ጭጋጉ ደጁን ሲሞላው፣ ልብስን ያዳነው የምድጃው እሳት አልነበረምን? እውነት ነው፤ እርጥብ ልብስ በምድጃ ዙሪያ ማንጠልጠል በመላው አገሪቱ የኖረ ልማድ ነው። ግን ውጤቱን በቁጥር እንየው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። በክረምት ቀን አየሩ ከዚህ አቅሙ 80 በመቶውን ሞልቶ ከመጣ የሚቀረው ቦታ ሦስት ግራም ተኩል ያህል ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን፣ በእጅ ተጨምቆም የክብደቱን ያህል ውሃ የያዘ ጋቢ እንውሰድ፤ ያንን ሁለት ኪሎ ውሃ ለመሸከም ቢያንስ 570 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። ይህ ከአንድ ትልቅ የሣር ቤት አየር ብዙ እጥፍ ነው። አየሩን ወደ 60 ዲግሪ ብናሞቀው የመያዝ አቅሙ 130 ግራም ይደርስና 17 ሜትር ኩብ ብቻ ይበቃል። እሳት ትልቅ ባለውለታ ነው ማለት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን እነዚያም 17 ሜትር ኩቦች እርጥበታቸውን ይዘው ከቤት መውጣት አለባቸው። ጭስ ማውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ አየሩ በሣር ክዳኑ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ስለሚወጣ ተኑ ጣራው ሥር ተንሳፍፎ ይቆያል፣ እሳቱ ሲዳፈን ተመልሶ ልብሱ ላይ ያርፋል። በማግስቱ የሚለበሰው ጋቢ ከእሳቱ ወገን የደረቀ፣ ከግድግዳው ወገን ቀዝቃዛ፣ ጢስ ጢስ የሚሸት ነው፤ ሁለት ሳምንት እንዲህ ከቆየ ሻጋታው ነጠብጣብ ይጥልበታል። ልብሱን በወይራ ማጠን ሽታውን ይለውጠዋል፣ እርጥበቱን ግን አይነካውም።

ነገሩ ከምቾት አልፎ የጤና ጉዳይ የሆነው ሆስፒታሎች ሲመጡ ነው። የሱዳን ውስጥ ሚስዮን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ላይ ሠፈሩ፤ ኦቶና እየተባለ የሚጠራው ሆስፒታል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ዱቦ ላይ ደግሞ ካፑቺን ካህናት የደከሙበት የካቶሊክ ሚስዮን ትምህርት ቤትና ሕክምና አስፋፋ። ሆስፒታል በቆመበት ሁሉ የማስጫ ገመድ ይረዝማል፤ የወላድ አንሶላ፣ የቀዶ ሕክምና ጋውን፣ ፎጣና ብርድ ልብስ «ፀሐይ ይውጣና» ተብለው አይቆዩም። ለእሳት የሚሟገት ሰው ከዚህ ብርቱ ማስረጃ ያገኛል። የገላ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ ትኩሳት በኢትዮጵያ በተለይ በክረምት ይበረታል፤ ሰዎች ተፋፍገው ያድራሉ፣ ልብስ መቀየርና ማጠብ ይቀንሳል፣ የታጠበውም አይደርቅም። ቅማልንና እንቁላሉን ደግሞ ነፋስ አይገድለውም። 54 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ሲያገኘው ነው የሚሞተው። የፈላ ውሃ፣ የከሰል ካውያ፣ በኋላም የማድረቂያ ማሽን ለዚህ ዋጋ አላቸው። ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ግን መግደልና ማድረቅ ሁለት ሥራዎች ናቸው። የዱቦ ዓይነት ከፍታ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ለቅማል ከበቂ በላይ ነው፤ ከድስቱ የወጣው አንሶላ ግን ከመቼውም የባሰ እርጥብ ነው፤ አሁንም ነፋስ ይፈልጋል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ማሽን ውስጥ መገናኘታቸው ነው እሳቱ ሁሉንም የሚያደርግ ያስመሰለው።

የማሽኑ የራሱ ታሪክም ይህንኑ ግራ መጋባት ይዞ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከበሮ ሠርቶ፣ እርጥብ ልብስ ከትቶበት፣ እሳት ላይ በእጅ ማዞሪያ ያሽከረክረው ነበር። ሥራውን «ማናፈሻ» ብሎ መጥራቱ ሐሳቡ ትክክል እንደነበር ያሳያል፤ ልብሱን ያናፈሰው ግን የእሳቱ ጢስ ስለነበር ልብሱ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ያርራል። እ.ኤ.አ. በ1892 ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ አፍሪካ አሜሪካዊ ልብስን በምድጃ አጠገብ የሚያንጠለጥል ማዕቀፍ ሠርቶ በስሙ አስመዘገበ። ማዕቀፉ ልብሱን ከነበልባሉ አራቀው፤ አየሩን የሚነዳው ግን አሁንም ምድጃው ብቻ ነበር። ጄ ሮስ ሙር የተባለ የኖርዝ ዳኮታ ሰው የእናቱን ልብስ በበረዶ ወቅት ደጅ ማስጣት ሰልችቶት በጎጆ ውስጥ የሚሽከረከር ከበሮ መሞከር ጀመረ፤ ሐሳቡ በሃሚልተን ኩባንያ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1938 «ጁን ዴይ» ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ንድፍ አውጪው ብሩክስ ስቲቨንስ በሩን የመስታወት አድርጋችሁ፣ ከውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው የውስጥ ሱሪ ይሽከርከር ብሎ መከረ ይባላል፤ ሻጭ ከዚያ በላይ አያስተውልም። ማሽኑን ማሽን ያደረገው ግን መስታወቱ አልነበረም፣ ሂተሩም ብቻውን አልነበረም። ከከበሮው ጀርባ የተቀመጠችው ማራገቢያና ከእርሷ የሚወጣው ቱቦ ነው። ፖሾን ያጣው ያንን ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይመጣል፤ «በእኛ አገር ችግሩ መብራቱ ነው» ይላሉ። ወላይታ ላይ ይህ ቃል ለጆሮ እንግዳ ነው፤ 1870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው በዚሁ አካባቢ በኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው 1045 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሣው ከወላይታ ሶዶ ነው። ይሁንና ትልቅ ምሰሶ በአጠገብ ማለፉ የቤት ቆጣሪ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አያስተካክልም። የሂተር ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ምሽት ላይ ወደ 180 ሲወርድ ሙቀቱ ወደ 67 በመቶ ያሽቆለቁላል። ተቃውሞው በዚህ ልክ እውነት ነው። ከባሕር ማዶ፣ በተለይ ከአሜሪካ፣ በዘመድ የመጣ ማሽን ሲሆን ግን ታሪኩ እንደገና ወደ አየሩ ይመለሳል። የአሜሪካ ማድረቂያ ሂተሩ የ240 ቮልት፣ ሞተሩ የ120 ቮልት ነው፤ እንዳለ የተሰካ እንደሆነ ሞተሩ ይቃጠላል ወይም ጨርሶ አይነሣም። በትራንስፎርመር ተስተካክሎ ቢሠራ እንኳ ለ60 ሄርዝ የተሠራው ሞተር በእኛ 50 ሄርዝ ላይ የፍጥነቱን አንድ ስድስተኛ ያጣል፣ ማራገቢያውም አብሮት ይዘገያል። በዱቦ ከፍታ ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሁለቱ ሲባዙ በሂተሩ ላይ የሚያልፈው አየር በክብደቱ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። ሂተሩ በቂ አየር ስለማያገኝ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቴርሞስታቱ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ባለቤቱ የሚያየው ቀዝቃዛ ልብስ ነው፤ የሚወቅሰውም ሂተሩን። የተወቀሰው ሂተር ግን ጤነኛ ነው።

በማንኛውም ቤት የሚያጋጥሙት የተለመዱ ብልሽቶች በዚህ ዓይን ሲታዩ አንድ ዘር ይሆናሉ። ማሽኑ ይሽከረከራል፣ ይሞቃልም፣ ልብሱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጅቶ እርጥብ ይወጣል፤ ይህ የአየር መንገድ መዘጋት ነው። ማሽኑ ይሽከረከራል ግን አይሞቅም፤ ብዙ ጊዜ የሙቀት ፊውዙ ተበጥሷል። ፊውዙን ቀይሮ ቱቦውን ሳያጸዳ የሄደ ጠጋኝ ግን በወሩ እንደሚጠራ ይወቅ፤ ፊውዙ የተበጠሰው አየር ታፍኖ ሙቀቱ ስለተከማቸ ነውና። በመሃል መቆም፣ የመቃጠል ሽታ፣ የላይኛው ሽፋን መጋል ሁሉም ከዚያው ሠፈር ናቸው። ማጣሪያውን ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ያስረዳል። በሩ ላይ ያለው መረብ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ የጥጥ ብናኝ ይለብሳል፤ ብናኙ በጣት ተጠቅልሎ ሲነሣ መረቡ የጸዳ ይመስላል። ማለስለሻ ፈሳሽ በሚጠቀም ቤት ግን መረቡ ላይ ዓይን የማያየው ቅባት ይለጠፋል። መረቡን ቧንቧ ሥር አድርጎ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው ዘልቆ ካልወረደና እንደ ሳህን ከላይ ከቆመ አየሩም አያልፍም ማለት ነው፤ በሳሙናና በብሩሽ መታጠብ አለበት። ቀጥሎ ቱቦው አለ። ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የታጠፈ፣ ወይም መስኮት ታጥቶለት ወደዚያው ክፍል የሚተነፍስ ቱቦ ማሽኑን የራሱን እርጥብ ትንፋሽ መልሶ ያጠጣዋል፤ ጭስ ማውጫ ያጣው ጎጆ ችግር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተደግሟል። ከአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር የወጣ መረጃ እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በአገሪቱ ቤቶች በየዓመቱ 2900 ያህል የማድረቂያ ቃጠሎ ደርሷል፣ ቀዳሚው ምክንያትም አለማጽዳት ነው፤ ድርሻው 34 በመቶ። ከአየር ጋር የማይዛመዱ ብልሽቶችም አሉ፦ ቺንጊያው ሲበጠስ ሞተሩ ይጮኻል ከበሮው ግን አይዞርም፤ ኩሽኔታው ሲያልቅ ይንጫጫል፤ የበሩ ስዊች ሲላላ ጨርሶ አይነሣም። ልብሱ ሳይደርቅ «ደርቋል» ብሎ የሚቆም ማሽን ደግሞ ከበሮው ውስጥ ያሉት ሁለት የብረት ዘንጎች በቅባት ተሸፍነው ነው፤ እርጥበትን የሚለኩት እነርሱ ስለሆኑ በኮምጣጤ በተነከረ ጨርቅ መወልወል ይበቃቸዋል። እነዚህን አልክድም፤ ግን በሽታቸው ግልጽ ነው፣ ሰውን አያሳስቱም። የሚያሳስተው የታፈነው አየር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በጣም ቀላሉና በጣም ከባዱ ነው፤ በዱቦ ዙሪያ ስንት ቤት የማድረቂያ ማሽን አለውና ነው ይህ ሁሉ? ጥያቄው ልክ ነው። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት «ማድረቂያ» የሚባለው ባለ ሁለት ገንዳው ማጠቢያ ላይ ያለው፣ ልብሱን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚጨምቀው ትንሹ ገንዳ ነው፤ ሙቀት የለውም። ታሪኩን ስናየው ግን ይህ ገንዳ ከማንም ይልቅ ክብር ይገባዋል። በእጅ የተጨመቀ የጥጥ ልብስ የክብደቱን ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፤ በደቂቃ 1000 ጊዜ የዞረው ግን 60 በመቶውን ያህል ብቻ። አንድ ኪሎ ውሃ ማትነን ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ አሽከርክሮ ማፍሰስ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ሙቅ ማድረቂያ ያለው ሰው «መብራት ፈጀብኝ፣ ጊዜ ፈጀብኝ» ሲል ማየት ያለበት አንዱ ነገር ማጠቢያው በደንብ ጨምቆ መስጠቱን ነው። ሌላም ለውጥ ሳይታወቅ ገብቷል። ሰልባጅና የፋብሪካ ልብስ ገበያውን ሲሞላው ከጥጡ ጋር ፖሊስተር መጣ። ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ተሰቅሎ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፣ ፖሊስተር ግማሽ በመቶም አይሞላ። ቤተሰቡ በጋቢና በቡሉኮ ፋንታ ቲሸርትና ጃኬት ሲለብስ የክረምቱ ጭንቀት ያለ ምንም ማሽን በከፊል ቀለለ። ስለ ማድረቂያ ማሽን የምንጽፈው እንግዲህ ለሆስፒታሎች፣ ለሶዶና ለአረካ ሆቴሎች፣ ዘመድ ማሽን ለላከላቸውና በብሎኬት ቤት ደጅ አልባ ሆነው ለሚኖሩ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቁጥራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ደጅ ያጣ ቤት ያጣው ሣሩን ብቻ አይደለምና፤ ነፋሱንም ነው።

ለእንዲህ ያለው ቤት አሁን የሚመከረው በሂት ፓምፕ የሚሠራው ማድረቂያ ነው። ይህ ማሽን ያንኑ አየር ደጋግሞ ያዞራል፤ በአንድ በኩል ያሞቀዋል፣ በሌላ በኩል አቀዝቅዞ ውሃውን ያንጠባጥብበትና ወደ ማጠራቀሚያ ገንዳ ያፈስሰዋል። የሚበላው ኃይል ከቀድሞዎቹ ግማሽ ያህል ነው፤ ለጠባብ ቆጣሪ ይመቻል። ሙቀቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ሥራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ቅማል ለመግደል የሚፈለገውን ዲግሪ ሁልጊዜ ላያደርስ ይችላል፤ ለሆስፒታል የሚገዛ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት። ግድግዳ መብሳትና ቱቦ መዘርጋት ስለማያስፈልገው የአየሩ ጣጣ ያለቀ ይመስላል። ሆኖም ከበሮውን ያመለጠው ብናኝ አሁን የሚለጠፈው በማቀዝቀዣው ስስ የብረት ክንፎች መካከል ነው፤ እነዚያ በጣት አይጠረጉም፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ ለመድረስም ሽፋኑ ሁሉ መፈታት አለበት። አምራቾቹ ለዚህ ያገኙት መላ ማጣሪያውን ሁለት ማድረግ ነው፤ አንዱ በሩ ላይ፣ ሁለተኛው ከታች በኩል፣ ከትንሽ ክዳን ጀርባ። አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያጸዳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።